ስለ ቪታሚን ኤ ዘይት፤ ጠባዩ፣ አጠባበቁና ለምርምር የሚሰጠው ጥቅም

(በሬዲዮ የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር)

ዳፍንት የሚባለው ሕመም በአገራችን ሰው ዘንድ ከጥንት ጀምሮ በስሙ የታወቀ ነው። ፀሐይ በሰማይ ሳለች ከእኩዮቹ ጋር ሲሮጥና ሲጫወት የዋለ ሕፃን፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግድግዳ እየዳሰሰ መሄድ ከጀመረ፣ በደጃፍ በተቀመጠ ዕቃ የሚደናቀፍ ከሆነ፣ ከፊቱ የቀረበለትንም ምግብ በእጁ እየዳበሰ የሚፈልግ ከሆነ፣ ዳፍንት እንደ ያዘው ይታወቃል። ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር ቢኖር ዳፍንት የዓይን ሕመም ብቻ አለመሆኑን ነው። መላው ሰውነት አንድ ነገር ሲጐድልበት ጉድለቱን በዓይን በኩል ያመለክታል፤ ምልክቱ ቸል ሲባልም ሕፃኑን ለዕውርነት፣ ከዚያም አልፎ ለሞት ያደርሰዋል።

ለዚህ ጉድለት መድኃኒቱ በአንዲት ትንሽ እንክብል ውስጥ የሚገኝ ጥቂት ጠብታ ቢጫ ዘይት ነው። በዘይቱ ውስጥ ያለው ዋና ነገር በኬሚስትሪ ቋንቋ ሬቲኒል ፓልሚቴት ይባላል፤ በተለመደው አጠራር ቪታሚን ኤ የምንለው ነው። ጠባዩ የሚያስደንቅ ነው። ዓይን ብርሃንን እንዲያይ የሚያደርገው ይህ ነገር ራሱ ብርሃንን አይችልም፤ ያለ እርሱ ጤና የማይቆም ሲሆን፣ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ጤናን ይጐዳል። ከዚህም የተነሣ ጥቅሙ ከፋብሪካ በመውጣቱ ብቻ አይረጋገጥም፤ በመጓጓዣ፣ በመጋዘን፣ በሱቅ መደርደሪያና በቤት ጓዳ የሚወሰን ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሐኪምና የኬሚስት ብቻ አይደለም፤ ጨረታ የሚያወጣው፣ ዕቃ ተረክቦ የሚፈርመው፣ መጋዘን የሚጠብቀው የመንግሥት ሠራተኛም ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኤስተር ማለት ምን ማለት ነው?

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። አሲድና አልኮል ሲዋሐዱ፣ በመካከላቸውም ጥቂት ውሃ ተለይቶ ሲወጣ፣ የሚገኘው አዲስ ነገር ኤስተር ይባላል። አልኮል ሲባል በጠጅና በአረቄ ውስጥ ያለው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የብዙ ነገሮች የወል ስም ነው። በየቀኑ የምንመገበው ቅቤ፣ የኑግ ዘይትና የሰሊጥ ዘይት ሁሉ በአብዛኛው ኤስተር ነው፤ ይኸውም ግሊሰሪን የሚባለው አልኮል ከሦስት የቅባት አሲዶች ጋር ተጣምሮ የተገኘ ነው። ሞራ በአመድ ውሃ ሲፈላ ወደ ሳሙና የሚለወጠውም ይህ ጥምረት ስለሚፈርስ ነው።

ሬቲኒል ፓልሚቴትም እንዲሁ ጥምር ነው። አንደኛው ወገን ሬቲኖል የሚባለው አልኮል፣ ማለት ቪታሚን ኤ ራሱ ነው። ሁለተኛው ወገን ፓልሚቲክ አሲድ ነው፤ ይህም ስሙን ከፓልም ዛፍ ያገኘ፣ በቅቤና በሞራም ውስጥ በብዛት የሚገኝ የቅባት አሲድ ነው። ሬቲኖል ብቻውን ሲሆን አየር ቶሎ ያበላሸዋል፤ ከፓልሚቲክ አሲድ ጋር ሲጣመር ግን ይበልጥ ይጸናል። ገበሬ ለዕለት የሚያስፈልገውን እህል በቁና ሰፍሮ የቀረውን በጎተራ እንደሚያኖር፣ ሰውነትም ለዕለት ሥራ ሬቲኖልን፣ ለማከማቸት ኤስተሩን ይመርጣል።

ንጹሑ ሬቲኒል ፓልሚቴት ፈዛዛ ቢጫ ነው። ወደ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ስለሚቀልጥ፣ በቀዝቃዛ ቦታ እንደ ረጋ ቅቤ፣ በሙቅ ቦታ እንደ ዘይት ሆኖ ይታያል። በውሃ አይሟሟም፤ በዘይት፣ በኤተርና በክሎሮፎርም ግን በደኅና ይሟሟል። አንዱ ቅንጣት 36 የካርቦን፣ 60 የሃይድሮጅንና 2 የኦክሲጅን አቶሞች አሉት። በዓይን የማይታየውን የአልትራ ቫዮሌት ጨረር አጥብቆ ይውጣል፤ ጨረሩ ሲያርፍበትም ለአፍታ ይፈካና ወዲያው ይደበዝዛል።

የሚለካው በዓለም አቀፍ ዩኒት ነው። አንድ ዩኒት ማለት 0.55 ማይክሮግራም ሬቲኒል ፓልሚቴት ነው፤ ማይክሮግራምም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እንግዲህ ሒሳቡን ልብ በሉ። ዓመት ለሞላው ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 200,000 ዩኒት በክብደት 110 ሚሊግራም ብቻ ነው። አንድ ኪሎግራም ንጹሕ ኤስተር ከ9,000 ለሚበልጡ ሕፃናት ይበቃል ማለት ነው። በአንድ እጅ የሚነሣ ጣሳ የአንድ ወረዳ ሕፃናት ዓይን ሊሆን ይችላል።

እንዴት ታወቀ?

በ1913 በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ኤልመር ማኮለምና ማርገሪት ዴቪስ የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦችን ልዩ ልዩ ቅባት እየመገቡ ይመለከቱ ነበር። ቅቤ ወይም የእንቁላል አስኳል ቅባት የተሰጣቸው አይጦች ሲያድጉ፣ የአሳማ ስብ ወይም የወይራ ዘይት የተሰጣቸው ግን ዕድገታቸው ተገታ። ቅባት ሁሉ አንድ አለመሆኑ፣ በአንዳንዱ ውስጥም አንድ የተሰወረ ነገር መኖሩ በዚህ ታወቀ። በዚያው ዓመት ኦዝቦርንና ሜንደል የተባሉ ሌሎች ሁለት ሊቃውንትም በኮነቲከት ተመሳሳይ ውጤት አገኙ።

ነገሩ ከአይጥ ወደ ሰው የተሸጋገረው በዴንማርክ አገር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዴንማርክ ቅቤዋን ለውጭ አገር በብዛት ትሸጥ ስለ ነበር፣ የድኾች ልጆች ቅቤው የወጣለት ወተትና ማርጋሪን ይመገቡ ነበር። ካርል ብሎክ የተባለው የሕፃናት ሐኪም ዓይናቸው የደረቀና የቈሰለ ብዙ ልጆች ወደ ኮፐንሃገን ሲመጡ አይቶ፣ ምክንያቱ የቅባት ጉድለት መሆኑን ተረዳ፤ በዓሣ ጉበት ዘይትም ያድናቸው ጀመር። በጦርነቱ መጨረሻ የውጭ ንግዱ ተዘግቶ ቅቤው በአገር ውስጥ ሲከፋፈል፣ የዓይኑ ሕመም እየቀነሰ ሄደ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው የሕፃናት ዓይን በሐኪም ቤት ብቻ ሳይሆን በንግድና በአስተዳደር ጽሕፈት ቤት በሚወሰን ውሳኔም ሊድን ወይም ሊጠፋ የሚችል መሆኑን ነው።

በ1931 ፓውል ካረር በዙሪክ የቪታሚኑን አሠራር አቶም በአቶም ገለጠ፤ ለዚህና ለሌሎች ሥራዎቹም በ1937 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። እስከዚያ ዘመን ድረስ ቪታሚኑ የሚገኘው ከዓሣ ጉበት ዘይት ነበር። በ1947 ግን ኦቶ ኢዝለርና ባልደረቦቹ በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ በፋብሪካ ለመሥራት የሚያመች ዘዴ አገኙ። ዛሬ በእንክብልና በምግብ ዘይት ውስጥ የሚጨመረው ቪታሚን ኤ በአብዛኛው በፋብሪካ የተሠራ ነው።

በሰውነታችን ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ጉበት፣ ቅቤ፣ ወተትና የእንቁላል አስኳል ስንመገብ ቪታሚኑ በአብዛኛው በኤስተር መልክ ወደ ሆዳችን ይገባል። በአንጀት ኤስተሩ ይፈታል፤ ሬቲኖሉም ወደ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ከገባ በኋላ እንደገና፣ በተለይም ከፓልሚቲክ አሲድ ጋር፣ ይጣመራል። ከዚያም በጥቃቅን የቅባት ጠብታዎች ተጭኖ በሊምፍ መንገድ ወደ ደም፣ በደምም ወደ ጉበት ይሄዳል። ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባና ማንጎ ቪታሚኑ ራሱ የላቸውም፤ ነገር ግን ሰውነት ወደ ቪታሚኑ የሚለውጠው ካሮቲን የሚባል ቀለም አላቸው። ካሮቲን ያለ ቅባት በደኅና ስለማይዋሐድ፣ በጾም ወራት ጎመኑ በዘይት መሠራቱ ለጣዕም ብቻ የሚጠቅም አይደለም።

ጉበት የዚህ ሀብት ጎተራ ነው። ጤናማና በደኅና የተመገበ ሰው ካለው ቪታሚን ኤ አብዛኛው በጉበቱ ውስጥ፣ ኮከብ መሰል በሚባሉት ሕዋሳት፣ በኤስተር መልክ ተከማችቶ ይገኛል። ሰውነት ሲፈልግ ጉበት ኤስተሩን ፈትቶ፣ ሬቲኖሉን በልዩ ፕሮቲን ላይ አሳፍሮ በልክ ይልካል። ጎተራው የቱን ያህል እንደሚያቈይ በ1940ዎቹ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ በፈቃደኞች ላይ በተደረገው ምርመራ ታይቷል፤ ቪታሚን ኤ የሌለበት ምግብ ለብዙ ወራት ከተመገቡት 16 ሰዎች ጉድለቱ በግልጽ የታየባቸው 3 ብቻ ነበሩ። የሕፃን ጎተራ ግን ገና ያልሞላ ነው፤ ኩፍኝና ተቅማጥ ሲይዙትም ቶሎ ይራቈታል።

በዓይን ውስጥ ሬቲኖል እንደገና ኤስተር ይሆናል፤ ከዚህም ኤስተር በጨለማ ለማየት የሚያገለግለው የዓይን ቀለም ይሠራል። ይህን የብርሃን ምሥጢር የመረመረው ጆርጅ ዋልድ በ1967 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ነገር ግን ቪታሚኑ ለዓይን ብቻ አይደለም፤ የመተንፈሻ፣ የአንጀትና የቆዳ ሽፋን ሁሉ በእርሱ ይጠበቃል። ሽፋኑ ሲላላ ለበሽታ በር ይከፈታል። ሕፃኑ በዓይኑ ከመታወሩ በፊት በሳንባ ምች ወይም በተቅማጥ የሚሞተው ስለዚህ ነው።

የሕፃናት ሕይወትና የእንክብሉ ማስረጃ

ይህን እውነት በቍጥር ያስረዳው አልፍሬድ ሶመር የተባለው አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም ነው። በኢንዶኔዥያ ሲሠራ ቀላል የዓይን ድርቀት ያለባቸው ሕፃናት፣ ምልክቱ ከሌለባቸው ይልቅ በብዛት እንደሚሞቱ ተመለከተ፤ በ1983ም አስታወቀ። ቀጥሎም በሰሜን ሱማትራ በ450 መንደሮች፣ ከ25,000 በሚበልጡ ሕፃናት ላይ ፈተና ተደረገ። በ1986 በወጣው ውጤት መሠረት እንክብሉ በተሰጠባቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት በ34 ከመቶ ያነሰ ሆነ። በ1990 ከደቡብ አፍሪካ ከኬፕታውን የወጣው ጥናትም በጽኑ ኩፍኝ የተያዙ ሕፃናት ቪታሚን ኤ ሲሰጣቸው ሞት በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ።

እውነትን ለመናገር ውጤቱ በሁሉ ቦታ እኩል አይደለም። በሰሜን ሕንድ በአንድ ሚሊዮን ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2013 የታተመው ታላቅ ጥናት ያገኘው ልዩነት በጣም ጥቂት ነበር። በ2017 ጥናቶቹ ሁሉ ተደምረው ሲመዘኑ የሞት መቀነሱ 12 ከመቶ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ከክርክሩ የምንረዳው ግን ጥቅሙ ጉድለት ባለበት አገር የሚበዛ መሆኑን ነው።

የእኛ አገር በዚህ ረገድ እንግዳ አይደለችም። በ2000ዎቹ አጋማሽ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በደም ምርመራ የቪታሚን ኤ ጉድለት የተገኘባቸው ሕፃናት 37.7 ከመቶ ነበሩ። በነጩ የዓይን ክፍል ላይ የሚታየው፣ ቢቶ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1863 የገለጸው አረፋ መሰል ነጠብጣብ ደግሞ በ1.7 ከመቶ ሕፃናት ላይ ታየ፤ የዓለም የጤና ድርጅት የአደጋ ወሰን ግን 0.5 ከመቶ ነው። ከ2004 ጀምሮ እንክብሉ በየስድስት ወሩ በዘመቻ ሲሰጥ፣ በኋላም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ ሲታደል ቈይቷል። በ2022 ደግሞ የምግብ ዘይት ቪታሚን ኤና ዲ እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደረጃ ጸድቋል። እንግዲህ ይህ ኤስተር ከጤና ጣቢያ ወጥቶ በየቤታችን ጓዳ ገብቷል ማለት ነው።

ልክ ሲያልፍ የሚያመጣው ጉዳት

በ1597 ቪለም ባረንትስ በሚመራው ጕዞ በሰሜን ዋልታ በረዶ የተያዙ የሆላንድ መርከበኞች የነጭ ድብ ጉበት በሉ። ሁሉም ታመሙ፤ የሦስቱ ግን ከራስ እስከ እግራቸው ቆዳቸው እንደ ተላጠ ከመካከላቸው አንዱ ጽፎ አቈይቷል። ምክንያቱ የታወቀው ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ነው፤ በ1943 ሮዳልና ሙር የተባሉ ተመራማሪዎች የዚህ ድብ ጉበት እጅግ ብዙ ቪታሚን ኤ ያከማቸ መሆኑን አሳዩ። ድቡ ሲል የሚባለውን የባሕር እንስሳ፣ ሲል ዓሣውን ስለሚበላ፣ የብዙዎች ጎተራ በአንዱ ጉበት ይከማቻል።

ጉዳቱ የሚጀምረው ጎተራው ሞልቶ ሲፈስ ነው። ሬቲኖል በፕሮቲኑ ላይ ተሳፍሮ በልክ መሄዱ ይቀርና፣ ኤስተሩ በደም ውስጥ ልቅ ሆኖ ይዘዋወራል፤ የሕዋሳትንም ሽፋን ይጐዳል። ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ የቆዳ መላጥ፣ የአጥንት ሕመምና የጉበት ጉዳት ይከተላል። ከሁሉ የሚከፋው በጽንስ ላይ የሚደርሰው ነው። በ1995 በአሜሪካ ከ22,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን የመረመረ ጥናት፣ በእርግዝና መጀመሪያ በቀን ከ10,000 ዩኒት በላይ የተዘጋጀ ቪታሚን ኤ የሚወስዱ እናቶች የአካል ጉድለት ያለበት ልጅ የመውለዳቸው ዕድል እንደሚጨምር አመለከተ። ስለዚህ የሕፃናት ቀይ እንክብል ለነፍሰ ጡር፣ ልታረግዝም ለምትችል ሴት ፈጽሞ አይሰጥም። በጎመንና በካሮት የሚገኘው ካሮቲን ግን ይህን ጉዳት አያመጣም፤ ቢበዛ የእጅን መዳፍ ቢጫ ያደርግ እንደ ሆነ ነው።

እንዲህ ከሆነ፣ ለትልቅ ሰው በቀን ከ10,000 ዩኒት እንዳያልፍ ሲከለከል፣ ለሕፃን በአንድ ጊዜ 200,000 መስጠት እንዴት ይሆናል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ በጎተራው ነው። 200,000 ዩኒት በስድስት ወር ቀናት ቢካፈል በቀን ወደ 1,100 ዩኒት ይሆናል፤ ይህም የሕፃኑ የዕለት ፍላጎት ነው። ጉበቱ ባዶ ስለሆነ ተቀብሎ ያኖረዋል። ጥቂት ሕፃናት ራስ ምታትና ማስታወክ ቢያጋጥማቸውም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃቸዋል። ከስድስት ወር እስከ አሥራ አንድ ወር ያሉት 100,000 ዩኒት ያለበትን ሰማያዊ እንክብል፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያሉት 200,000 ዩኒት ያለበትን ቀይ እንክብል ከአራት እስከ ስድስት ወር በሆነ ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ ይወስዳሉ። የሕፃኑ ካርድ በጥንቃቄ ሊያዝ የሚገባውም ስለዚህ ነው፤ ሥራ ተዛውሮ ከአገር አገር የሚሄድ ሠራተኛ የልጁን ካርድ ካልያዘ፣ ሕፃኑ ሁለት ጊዜ ሊሰጠው ወይም ጨርሶ ሊታለፍ ይችላል።

እንዴት ይጠበቃል?

የዚህ ኤስተር ጠላቶች ሦስት ናቸው፤ ብርሃን፣ አየርና ሙቀት። በቅንጣቱ ውስጥ ያሉት አምስት ድርብ ማሰሪያዎች ብርሃንን ለመቀበል የተዘጋጁ ስለሆኑ፣ በዓይን ውስጥ የሚጠቅመን ይኸው ጠባይ በጠርሙስ ውስጥ ያጠፋዋል። ኦክሲጅን ሲነካው ይበላሻል፤ መበላሸት ከጀመረም አንዱ የተበላሸ ቅንጣት ሌላውን እየሳበ ይፈጥናል። የብረትና የመዳብ ርዝራዥ ይህን ያባብሳል። ፋብሪካዎች ስለዚህ ቪታሚን ኢ ወይም ሌላ መበላሸትን የሚከለክል ነገር ይጨምሩበታል፤ ብርሃን በማያሳልፍ ዕቃም አየሩን በናይትሮጅን ተክተው ያሽጉታል።

የመጋዘን ኀላፊ የሆናችሁ እንግዲህ ይህን አስተውሉ። የእንክብሉ ዕቃ በመስኮት አጠገብ ወይም የቆርቆሮ ጣሪያ በሚያግለው ከፍተኛ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥ። እንደ ክትባት ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፤ መቀዝቀዝ ሳይሆን በረዶ መሆን ግን የለበትም። ዕቃው እስኪፈለግ ድረስ አይከፈት፤ ከተከፈተም የተከፈተበት ቀን ይጻፍበትና በአንድ ዓመት ውስጥ ይለቅ። ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ ይውጣ። ጨረታ የምታወጡም የዋጋውን ቍጥር ብቻ ሳይሆን ኀይሉን በዩኒት፣ የተሠራበትን ቀን፣ የማሸጊያውን ዓይነትና የላቦራቶሪ ምርመራ ወረቀቱን ጠይቁ። በርካሽ ተገዝቶ ኀይሉ የጠፋ እንክብል በመዝገብ ላይ ሙሉ ነው፤ በሕፃኑ ጉበት ግን ባዶ ነው።

በቤት ውስጥ ደግሞ ቪታሚን የተጨመረበትን ዘይት ፀሐይ በሚያርፍበት ሱቅ ደጃፍ ከተደረደረው ጠርሙስ ይልቅ ከጥላ ግዙ። ክዳኑን አጥብቃችሁ በቁም ሣጥን አኑሩ። አንዱን ዘይት ደጋግሞ ማቃጠል ቪታሚኑን ያጠፋዋል። እንክብሉን የሚሰጠው የጤና ሠራተኛ ጫፉን ቈርጦ ዘይቱን በሕፃኑ አፍ ውስጥ ይጨምቃል፤ ሕፃኑ እንክብሉን እንዲውጥ አይደረግም፤ ሊያንቀው ይችላልና።

በላቦራቶሪ የሚሠሩ ሰዎች ኤስተሩን በጥቁር ቡናማ ጠርሙስ፣ በናይትሮጅን ሥር፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ያኖሩታል፤ ሲመዝኑትም በደብዛዛ ቢጫ ወይም ቀይ ብርሃን ይሠራሉ። ሲነኩት ጓንት ያደርጋሉ፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ሠራተኛም ከንጹሑ ኤስተር ትርቃለች። ውሃ ስለማያነሣው የፈሰሰው በሚመጥ ነገር ተጠርጎ በሳሙና ይታጠባል፤ ወለሉ ያንሸራትታልና።

ለምርምር የሚሰጠው ጥቅም

ይህ ኤስተር መድኃኒት ብቻ ሳይሆን የምርመራ መሣሪያም ነው። የጉበትን ጎተራ ሳይከፍቱ ለማወቅ ሊቃውንት በ1979 አንድ ብልኀት አስተዋወቁ። ሰውዬው ትንሽ መጠን ቪታሚን ይሰጠዋል፤ ደሙ ከመውሰዱ በፊትና ከአምስት ሰዓት በኋላ ይለካል። ጉበቱ ባዶ ከሆነ ፕሮቲኑ ተሳፋሪ አጥቶ ሲጠብቅ ስለሚቈይ፣ ቪታሚኑ እንደ ደረሰ ተቀብሎ ወደ ደም ይወጣል፤ የሬቲኖሉ መጠን ከ20 ከመቶ በላይ ከጨመረ ጎተራው የተራቈተ ነው ይባላል። ዛሬ ደግሞ ጨረር የሌለው ከባድ ካርቦን ወይም ከባድ ሃይድሮጅን የገባበት ቪታሚን ተሰጥቶ፣ በሰውነት ያለው ሀብት ምን ያህል እንደ ሆነ በሒሳብ ይገኛል።

ሁለተኛው የምርምር ሥራ ስለ ልብ ሕመም ነው። ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት የቅባት ጠብታዎች በስንት ጊዜ እንደሚጠሩ ለማወቅ፣ ለሰውየው ቅባት ያለበት ምግብ ከሬቲኒል ፓልሚቴት ጋር ይሰጠዋል። ኤስተሩ በአንጀት ቅባቱ ላይ ተጭኖ ስለሚሄድ እንደ ምልክት ያገለግላል፤ በ1976 በዚህ መንገድ የቅባት ቅሪት በደማቸው የሚዘገይባቸው ሕሙማን ታወቁ።

ሦስተኛው በዘር ስለሚወረድ የዓይን መጨለም ነው። በ1993 በአሜሪካ በ601 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፣ በየቀኑ 15,000 ዩኒት የሚወስዱት ዓይናቸው ቀስ ብሎ እንደሚደክም አመልክቶ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ2023 ያው መረጃ ከሕሙማኑ የዘር ምርመራ ጋር እንደገና ሲታይ ግን ጥቅሙ አልተገኘም። ሳይንስ የጻፈውን መልሶ ለማንበብ የማያፍር ትምህርት ነው።

ውበት ለሚጠብቁም አንድ ቃል እንጨምር። ኤስተሩ በብዙ የቆዳ ቅባቶች ውስጥ ይገባል። በ2012 የወጣ የአሜሪካ መንግሥት ጥናት ቅባቱ ተቀብተው በጨረር ሥር በቈዩ አይጦች ላይ የቆዳ ዕጢ እንዳፋጠነ ገልጿል፤ በሰው ላይ ግን ይህ አልታየም። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው ደንብ የቪታሚኑን መጠን ለሰውነት ቅባት በ0.05 ከመቶ፣ ለሌሎች በ0.3 ከመቶ ወስኗል።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ከዚህ ሁሉ በቃላችሁ ሊቀር የሚገባው አንድ ነገር ነው። ይህን ዘይት የሚሠራው ኬሚስት ነው፤ የሚያዘው ሐኪም ነው። ከፋብሪካው በር እስከ ሕፃኑ አፍ ባለው ረጅም መንገድ የሚጠብቀው ግን ወረቀት የሚፈርም፣ ቍልፍ የሚይዝ፣ ቀን የሚቈጥር ሰው ነው። በጥላ የተቀመጠ ካርቶን፣ በትክክል የተጻፈ ቀን፣ በልክ የተሰጠ ጠብታ ሲገናኙ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ግድግዳ የሚዳስሰው ሕፃን ቍጥር ይቀንሳል።